እንግዶቼን ይዤ ሮቢት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሮቢትን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት ከመግለጫ ነው። "ሮቢት ተያዘች"፣ "ሮቢት ነፃ ወጣች" ሲባል ሰምታችሁ ካርታ ላይ ፈልጋችኋት ይሆናል። ከጦርነቱ በፊት ስሟን የጠራሁለት ሰው ሁሉ "ሸዋ ሮቢት?" ብሎ ነበር የሚመልስልኝ። አይደለችም። የኔዋ ሮቢት ሰሜን ወሎ፣ ራያ ቆቦ ወረዳ ውስጥ፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲኬድ ጎብዬን አልፋችሁ የምታገኟት አስፋልት ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ከፍታ፣ መሐሉ ላይ የማሽላና የጤፍ ሜዳ። እናቴ የተወለደችው እዚያ ነው። አክስቴ እስከ ዛሬ እዚያው አለች።

ዛሬ የምነግራችሁ በጥር 2015 ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ወደዚያ ስለሄድኩበት ጉዞ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩት ስለማፍርበት ነው። የሚያሳፍረኝን ቦታው ላይ ስንደርስ እናገራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሮቢት ሳይሆን ከጄኔቫ ነው።

በ2011 ለአጭር ሥልጠና ጄኔቫ ሄጄ ነበር። እዚያ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለችኝ። በአንዱ ቅዳሜ "ተነስ፣ ገጠር ላሳይህ" ብላ ይዛኝ ወጣች። የከተማ አውቶቡስ ተሳፈርን፣ ወረድን፣ ትንሽ በእግራችን ሄድን፣ ከዚያ በገመድ ላይ በሚሄድ ሳጥን ሳሌቭ የሚባል ተራራ ላይ ወጣን። ከላይ ሆነን ሐይቁንና ከተማውን ስናይ "አሁን ያለነው ፈረንሳይ ነው" አለችኝ። ደነገጥኩ። ፓስፖርቴን ሆቴል ትቼው ነበር።

"መቼ ነው የተሻገርነው?"

"ቅድም፣ ከአውቶቡስ ወርደን ስንሄድ።"

ምሳችንን ፈረንሳይ በልተን ማታ ስዊዘርላንድ ገባን። የጠየቀን ሰው አልነበረም። የጄኔቫን ካርታ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ከተማዋ ሦስት ጎኗ ማለት ይቻላል በፈረንሳይ የተከበበ ነው። ስዊዘርላንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሸንገን ስምምነትን ተግባራዊ ስላደረገች፣ ድንበሩ ላይ የቆሙት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው። ፈረንሳይ አድሮ ጄኔቫ የሚሠራው ሰው ብዛት የትየለሌ ነው።

እየተመለስን ሳለ የነገረችኝ ታሪክ ግን ከተራራው ይበልጥ አብሮኝ ቀረ። በታኅሣሥ 1602 እ.ኤ.አ. በዚሁ ተራራ በኩል ያለው የሳቮይ መስፍን ጦር ሌሊት መሰላል አስደግፎ የጄኔቫን ግንብ ለመውጣት ሞከረ። ከተማው ነቅቶ መለሰው። አንዲት እናት የፈላ ሾርባ ከነድስቱ ወታደሮቹ ላይ ደፋችባቸው ተብሎ ይተረካል። ጄኔቫ ይህንን አልረሳችም። በየዓመቱ በታኅሣሥ ከቸኮሌት የተሠራ ድስት ሰብረው እየበሉ ያከብሩታል። መሰላል ይዘው የመጡት ሰዎች አገር ደግሞ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ያለው፣ እኛ በዚያ ቅዳሜ ምሳ የበላንበት ነው።

ስንለያይ "የአንተን ገጠር መቼ ነው የምታሳየኝ?" አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነት መጣ።

*

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። መንገዱ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ጓደኛዬ ለጥምቀት አገር ቤት እንደምትገባ ስትጽፍልኝ "ቃልህን" ብቻ ነበር ያለችው።

ሦስተኛ ሰው ጨመርን። አዲስ አበባ የሚያስተምር የጋራ ጓደኛችን ነው። አባቱ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። እናቱ ማይጨው ተወልደው ያደጉ ናቸው። "እስከ አሸንጌ መድረስ ከቻልን ለእናቴ ሐይቁን ቀርጬ ላሳያት" አለኝ። እሳቸው ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ አላዩትም።

የሚያሳፍረኝ እዚህ ጋ ነው። ልንነሳ ሁለት ቀን ሲቀረን ደወልኩለትና "አክስቴ ቤት ስንገባ የእናትህን ነገር ባታነሳው ይሻላል፤ አባትህ ደብረ ብርሃን ናቸው፣ እሱ ይበቃል" አልኩት። ለደኅንነቱ አስቤ እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "እሺ" አለ። ስለ እርቅና ስለ ብሔራዊ ምክክር በየሚዲያው የምጽፍ፣ በየመድረኩ "እንነጋገር" የምል ሰው ነኝ። ጓደኛዬን ግን እናቱን ደብቆ እንዲመጣ ጠየቅኩት።

*

የኪራይ መኪና ይዘን ወጣን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የጄኔቫዋ ጓደኛዬ ከእንቅልፏ ነቅታ ታፔላውን አነበበችና "ደረስን እንዴ?" አለች። ሾፌሩ እስኪበቃው ሳቀ። ገና ግማሽ መንገድ አልሄድንም ነበር። ደሴ አድረን በማግስቱ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርገን ወልዲያ ገባን።

ከወልዲያ በኋላ ምላሴ ተፈታ። "እዚህ ኮረብታ ላይ ከባድ መሣሪያ ነበር"፣ "ይቺ ድልድይ እንዲህ ሆና ነበር"፣ "በነሐሴ 2014 ውጊያው ሲያገረሽ ሕዝቡ በዚህ መንገድ ነው የሸሸው" እያልኩ እጄን ከመስኮት አላስገባሁም። ጎብዬን አልፈን አንድ የተቃጠለ ታንክ ጋ አስቆምኩ። ሕፃናት ላዩ ላይ ወጥተው ይጫወታሉ። ፎቶ እንዲያነሱ ጠበቅኩ። ማንም አላነሳም።

የጄኔቫዋ "አንድ ነገር ልበልህ?" አለች። "እኔ ሳሌቭ ላይ ስወስድህ ስለ ዓለም ጦርነት አልነገርኩህም። ስለ አይቡና ስለ ላሙ ነው የነገርኩህ። እዚህ አገር የሚበላ ነገር አይበቅልም እንዴ?"

ተናድጄ ነበር። ይህ እኮ የኛ ቁስል ነው፣ አይብ አይደለም ልላት ነበር። ግን ትክክል ነበረች። ለሦስት ዓመት ይህንን መንገድ የተመላለስኩት ለዘገባ ነው። ከማውቀው ሜዳ ይልቅ የዘገብኩትን ሜዳ ነበር የማሳያቸው።

*

ሮቢት ስንደርስ ስለዚህ ሥራውን ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። እሱ አራሽ ነው፤ ከሬዲዮ ዜና ይልቅ ደመና ነው የሚከታተለው። ከሰዓት በኋላ በእግር ይዞን ወጣ።

ጊዜው ማሽላው የተሰበሰበበት ነበር። አገዳው ለከብት ተከምሯል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይ ገና ይወቃል። ወፍ የሚጠበቅባቸው የእንጨት ማማዎች ባዶ ሜዳ ላይ ቆመዋል። "ይሄ ደጋሊት ነው፣ ያኛው ጅጉርቲ" እያለ ዘለላውን እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ለኔም ቢሆን ማሽላ ሁሉ ማሽላ ነበር።

ከዚያ የራያን ቆላ አስተራረስ አስረዳቸው። ነገሩ ቁማር ነው ማለት ይቀላል። እነዚህ ነባር ማሽላዎች ቶሎ አይደርሱም፤ በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ይዘራሉ፣ ወራት ቆይተው በኅዳር ይታጨዳሉ። ምርታቸውም ሆነ አገዳቸው ደህና ነው። በልጉ ከቀረ ግን ገበሬው እስከ ሐምሌ ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ክረምቱም አጭር ከሆነ ያው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ ማሳ ሁለቴ ሦስቴ ሐሳብ ይቀይርበታል።

"ዝናቡ እዚህ ባይዘንብስ?" አለ መምህሩ።

"እዚህ ባይዘንብም እዚያ ይዘንባል" አለ የአክስቴ ልጅ ወደ ላስታ በኩል በአገጩ እያሳየ። ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ ጎሊናንና ሆርማትን ሞልቶ በጎርፍ ይወርዳል። ገበሬው በደረቅ ቀን በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ መንገድ አዘጋጅቶ ይጠብቅና ጎርፉ ሲመጣ፣ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ወጥቶ ይጠልፈዋል። ውኃው ማሳው ላይ ይተኛል፤ ያ እርጥበት ዝናብ ሳይጠሉ ለሳምንታት ያቆያል። የተሠራው መጥለፊያ በከባድ ጎርፍ ይጠረግና እንደገና ይሠራል። ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። "ከላይ ያለው ሰው ካልፈቀደ ከታች ያለው አይጠጣም። ስለዚህ ከላይኛው ጋር ተጣልተህ አታርስም" አለ። ይህንን የተናገረው ስለ ውኃ ነው። ሌላ ነገር ልናደርገው የፈለግነው እኛ ነን።

ጎሊና ዳር ደረስን። በጥር ውኃው ቀጭን ነው፤ አልጋው ግን በክረምት ምን እንደሚሆን ይናገራል። ወንዙ ከዚህ ተነስቶ ምሥራቁን ይዞ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ባሕር ሳይደርስ በረሃው ላይ ይቀራል። ከመሬት በታች ግን ሸለቆው ውኃ አለው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ጉድጓድ እየቆፈረ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ እንዲለማ ያደረገው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ካየናቸው ጉድጓዶች አንዱ ቆሞ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ የለም። የአክስቴ ልጅ ማን እንደወሰደው አልተናገረም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቅኩም።

ፀሐይዋ ወደ ላስታ ስትወርድ ዞብል ቀላ። የጄኔቫዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። "ይሄንን ነበር ያልከኝ" አለች።

*

ማታ አክስቴ ቤት ቡና ተፈላ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ በልተናል። አቦሉ ወጣ። አክስቴ የጄኔቫዋን አገሯን፣ ትዳሯን፣ ደመወዟን ሁሉ ጠይቃ ጨረሰችና ወደ መምህሩ ዞረች።

"አንተስ ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?"

"አባቴ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፣ እማማ" አለ።

እፎይ አልኩ። እሱ ግን ስኒውን አስቀመጠና ወደ እኔ ሳያይ "እናቴ ማይጨው ነው የተወለደችው" አለ።

ዓይኔን ስኒዬ ውስጥ ከተትኩ። አክስቴ ጀበናውን አንስታ ለሚቀጥለው ሰው ቀዳች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ቀድታ ስትጨርስ ነው የተናገረችው።

"በሐምሌ የገቡት ልጆች ከዚያ ወገን ነበሩ። አንዱ ጢም ያላበቀለ ልጅ ውኃ ለምኖኝ ሰጠሁት። በማግስቱ ጎተራዬን የገለበጡት ጓደኞቹ ናቸው። እሱም አብሯቸው ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ልጆቼን ምን እንዳበላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።"

መምህሩ "አዎ" አለ። "ግን" አላለም። "እኛም" አላለም። ዝም ብሎ አዳመጣት። እኔ ጋዜጠኛው ያንን አድርጌ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ቀጣዩ ጥያቄ አለኝ።

ትንሽ ቆይታ "እናትህ አለች?" አለችው።

"አለች።"

"እዚያ ዘመድ አላት?"

"አንድ እህት ነበረቻት። ስልክ በተቋረጠ ጊዜ ነው የሞተችው። ስኳር ነበረባት፣ መድኃኒት አልነበረም። እኛ የሰማነው ከወራት በኋላ ነው።"

"ለቅሶ ተቀመጣችሁ?"

"አልተቀመጥንም። ድንኳን አልጣልንም። ጊዜው..." አለና አልጨረሰውም። እንዲጨርሰውም አላስፈለገም። በ2014 አዲስ አበባ ላይ ለማይጨው ሟች ድንኳን መጣል ምን ማለት እንደነበር እዚያ የነበርን እናውቃለን።

አክስቴ ተነስታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። መጥታም አጠገቡ ተቀመጠች። "እንግዲህ ዛሬ ደርሰናል" አለች። "ነፍስ ይማር። አብሽር ልጄ።"

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ስለሆነው አልጽፍም። የእሱ ነው።

ጠዋት ሁለት ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሦስተኛዋ ግን ከአጥር ውጭ ቆማ ሰላምታ ሰጥታ ተመለሰች። ልጇን በቆቦ ያጣች ናት። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ቆቦ ላይ የትግራይ ኃይሎች ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች መዝግቦ አውጥቶታል፤ እኔም በወቅቱ ጽፌበታለሁ። አክስቴ "አትገባም፤ አትውቀሷት" አለችን። ማንም አልወቀሳትም። መምህሩ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደሄደችበት አቅጣጫ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። አየችው አላየችው አላውቅም።

ነገሩ እንዲቀል ብላ ይመስለኛል፣ የጄኔቫዋ የቸኮሌቱን ድስት ታሪክ ለአክስቴ ነገረቻት። መሰላሉን፣ ሾርባዋን የደፋችውን እናት፣ በየዓመቱ ድስት እንደሚሰብሩ፣ ዛሬ ደግሞ በዚያው መንገድ ሄደው ገበያ እንደሚገበዩ። አክስቴ ሾርባው ላይ በጣም ሳቀች። ከዚያ ጠየቀች።

"ስንት ዓመት ሆነው ይሄ?"

"ከአራት መቶ በላይ፣ እማማ።"

"እኔ ያን ያህል አልኖርም" አለች።

*

በዚያው ቀን ወደ ሰሜን ቀጠልን። ቆቦን አልፈን ዋጃ፣ ከዚያ አላማጣ።

መሬቱ ላይ ምንም መስመር አይታይም። ያው ማሽላ፣ ያው አፈር፣ ያው ሰው፤ ገበያ ውስጥ አማርኛና ትግርኛ አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ትሰማላችሁ። እስከ 1983 ድረስ ቆቦም አላማጣም ኮረምም የወሎ ክፍለ ሀገር ነበሩ። ከለውጡ በኋላ ቆቦ በአማራ፣ አላማጣና ኮረም በትግራይ ክልል ተካለሉ። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ አላማጣና አካባቢው በአማራ ክልል አስተዳደር ስር ሆነው ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ብሎ አልፎታል። በዚህ ገጽ ስለማንነትና ስለወሰን ብዙ ተከራክረናል፤ ዛሬ ያንን አልደግምም። የምናገረው ያየሁትን ብቻ ነው፦ ጄኔቫና ፈረንሳይ ሁለት አገር ሆነው አንድም ቦታ አልቆምንም፤ ከሮቢት እስከ አሸንጌ ግን አንድ አገር ሆኖ ኬላው ብዛት ስፍር የለውም። በየኬላው መታወቂያ ተጠየቅን። በየኬላው የመምህሩ እጅ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ሲዘገይ አየሁ።

ከአላማጣ በኋላ መንገዱ ግራካሱን ይወጣል። ከ1,500 ሜትር አካባቢ ተነስቶ በጥምዝምዝ እየተጠማዘዘ ጫካው ውስጥ ይገባል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ኋላ ሲዞሩ የራያ ሜዳ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። የጄኔቫዋ "ሳሌቭ ይሄን አያክልም" አለች። እንግዳ ስለሆነች አላመንኳትም፤ ግን ደስ አለኝ።

ኮረም ደረስን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ የማይክል በርክንና የመሐመድ አሚንን ዘገባ ሲያሰራጭ ዓለም ያያት ኮረም ይቺ ናት። ያ ዘገባ የስንቱን ሕይወት እንዳዳነ የሚካድ አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ ኮረም ለዓለም ሌላ ምንም ሆና አታውቅም። ጓደኛዬ ጄኔቫ ውስጥ ከየት እንደመጣች ስትናገር ዕድሜያቸው የገፋ የሥራ ባልደረቦቿ እስከ ዛሬ ያንኑ ምስል እንደሚያነሱባት ነገረችን። እኔም በተቃጠለው ታንክ አጠገብ ያደረግኩት ያንኑ ነበር። ሮቢትን ለጓደኞቼ ኮረም ላደርጋት ነበር።

ከኮረም ትንሽ አለፍ ብሎ አሸንጌ ተገለጠ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በተራራ ተከቦ፣ የሚወጣ ወንዝ የሌለው ሐይቅ። ወፉ ብዙ ነው። ነፋሱ ብርዳም ነው።

መምህሩ ታሪክ ነው የሚያስተምረው። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ በዚህ ሐይቅ ዳር በአውሮፕላን እንደተደበደበ፣ መርዝ እንደዘነበበት ነገረን። ከዚያ በሚመቸው ቦታ አላቆመም። ከተራራው ሆነው በሚያፈገፍገው ጦር ላይ ይተኩሱ ከነበሩት ውስጥ ራያና አዘቦዎች እንደነበሩም ተናገረ። "የአንተም የእኔም አያቶች ናቸው" አለኝ። በማዕከላዊው መንግሥት የቆየ ቂም ነበራቸው፤ ጣሊያንም አስታጥቋቸው ነበር። "ይሄ ታሪክ ለማንም ሙሉ በሙሉ አይመችም። ስለዚህ ነው ማስተማር የምወደው።"

ከዚያ ወደ ጄኔቫዋ ዞሮ "ንጉሡ ከዚህ ሐይቅ ተነስተው የት እንደደረሱ ታውቂያለሽ?" አላት። ታውቅ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩት ጄኔቫ ነው። በሦስት ወር ልዩነት። ስለ መርዙም ያሰሙት አቤቱታ እዚህ ውኃ ዳር የሆነውን ይጨምራል። እሷ ከተማው ውስጥ ስንት ዓመት ኖራለች፤ ሐይቁን ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ማይጨው ከዚያ ወዲያ ሩቅ አይደለም። ሾፌሩ ግን ከዚህ አላልፍም አለ። አልለመንነውም። መምህሩ ስልኩን አውጥቶ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ቀረጸ፤ በመጨረሻም ካሜራውን ወደ ሰሜን አዙሮ ብዙ ቆየ። ማታ ለእናቱ ላከላቸው። መልሳቸውን አሳየኝ። "ውኃው ቀንሷል" ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

*

ስንመለስ አክስቴ ቤት እንደገና አደርን። ልንወጣ ስንል አንድ ትንሽ ጆንያ ጤፍ አውጥታ መምህሩን አሸከመችው። "ለእናትህ ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም" አለችው። እኔን ደግሞ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

"የእናቱን አገር እንዳይናገር ያልከው አንተ ነህ አይደል?"

ዝም አልኩ።

"ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ቤት የገባ ሰው እናቱን ውጭ ትቶ አይገባም። ሁለተኛ እንዳታደርገው።"

በጋዜጠኝነት ሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ተግሣጽ አልደረሰብኝም።

ይህን ጉዞ "ሕዝብ ለሕዝብ ችግር የለበትም" ለማለት የምጠቀምበት እንዳይመስላችሁ። ያ አባባል ራሱ አንድ ዓይነት ድብቅብቆሽ ነው። ከአጥር ውጭ የቀረችዋ ጎረቤት ሕዝብ ናት። በየኬላው ኪሱ ውስጥ እጁ የዘገየው ጓደኛዬም ሕዝብ ነው። ችግር አለ፤ ስም፣ ቀንና የተገለበጠ ጎተራ ያለው ችግር። ያስተማረኝ ሌላ ነገር ነው። አክስቴ ማሽላዋን አልረሳችም፤ መጀመሪያ የተናገረችውም እሱን ነው። ከተናገረች በኋላ ግን መጠየቅ ቻለች፤ ከጠየቀች በኋላ ማልቀስ ቻለች። እኔ ላደርገው የሞከርኩት ሁሉንም ነገር ደብቆ ሰላም የሚመስል ማታ መፍጠር ነበር። ቢሳካልኝ ኖሮ ሦስታችንም ጥሩ ቡና ጠጥተን እንመለስ ነበር፤ የዚያች ሴት ለቅሶም ሳይደረስ ይቀር ነበር።

እንግዳ ይዞ አገርን መዞርም ቀላል ነገር አይደለም። ለቱሪዝም ብዬ አይደለም። ቦታን በመግለጫ ብቻ የሚያውቅ ሰው መግለጫው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ጅጉርቲን ከደጋሊት የለየ፣ ጎርፍ እንዴት እንደሚጠለፍ ያየ፣ አንድ ሰው ቤት እንጀራ የቆረሰ ግን "ሮቢት ተመታች" ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን አሸነፈ ብሎ አይደለም።

ያ ጉዞ ካለፈ ከወራት በኋላ፣ በሐምሌ መጨረሻ 2015፣ በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። መንገዱ እንደገና የሚከፈትና የሚዘጋ ሆነ፤ ሮቢትም ወደ ዜና ተመለሰች። የጄኔቫዋ ጓደኛዬ በየዓመቱ ጥር ሲቃረብ "እንሄዳለን?" ብላ ትጽፍልኛለች። "ትንሽ እንጠብቅ" እላታለሁ። ባለፈው ስመልስላት አክስቴ ያለችው ትዝ አለኝና ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ።

አክስቴ ኔትወርክ ሲኖር ትደውላለች። ስለ ፖለቲካ አናወራም። ዝናቡን ትነግረኛለች፤ የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ምን እንደዘራ ትነግረኛለች። ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር አለ።

"ያ የማይጨዋ ልጅ ደህና ነው?"

ደህና ነው እላታለሁ። ከዚያ እሱ ጋ እደውልና "አክስቴ ጠይቃሃለች" እለዋለሁ።

ሰላም ያሰማን።